ከሻይ ቤት የፈለቀ ሙያ፦ ዴቪድ ካሚነርና የመጀመሪያው የንግድ ኮምፒዩተር

አንድ ድርጅት አዲስ ኮምፒዩተር ሲያስገባ አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው ስለ መኪናው ነው። ፍጥነቱ፣ ዋጋውና የሠሪው ፋብሪካ ስም በየስብሰባው ይነሣል። መኪናው ሊሠራው የመጣው ሥራ ግን፣ ማለትም ሒሳቡ ከየት ተነሥቶ፣ በማን እጅ አልፎ፣ ወዴት እንደሚደርስ፣ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው መኪናው ተገዝቶ ከተተከለ በኋላ ነው። መጥኖ መደቆስ ድስት ከመጣድ በፊት መሆኑን የባልትና ጥበብ አስቀድሞ ያስተማረው ቢሆንም፣ በኮምፒዩተር ሥራ ይህ ትምህርት እጅግ ውድ በሆነ ዋጋ በየጊዜው እንደገና ሲገዛ ኖሯል።

በዛሬው ጊዜ የአንድን ድርጅት ሥራ፣ መረጃና መኪና ባንድነት ተመልክቶ አደረጃጀቱን የሚነድፈው ባለሙያ የድርጅት ሥርዓት አርክቴክት ይባላል። ስሙ አዲስ ነው፤ ሥራው ግን ከስሙ በብዙ ዓመት ይቀድማል። መነሻው ሲፈለግ የሚገኘው በጦር ኃይል ቤተ ሙከራ ወይም በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ብቻ አይደለም፤ ለንደን ከተማ ውስጥ ዳቦ በሚጋግርና ሻይ በሚሸጥ ኩባንያ ቢሮ ውስጥም ጭምር ነው። ኩባንያው ጄ. ላየንስ ይባል ነበር። ሰውየው ደግሞ ሚስተር ዴቪድ ካሚነር ናቸው። ስለ ኮምፒዩተር ታሪክ የጻፉ ብዙዎች የዓለም የመጀመሪያው የንግድ ሥርዓት አጥኚ ይሏቸዋል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሳንቲሞች ኩባንያ

ላየንስ የመጀመሪያውን ሻይ ቤት በለንደን ፒካዲሊ ጎዳና የከፈተው በ1894 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ዐሠርት ዓመታት ሻይ ቤቶቹ በእንግሊዝ ከተሞች ተበራከቱ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኩባንያው ወደ 30,000 የሚጠጉ ሠራተኞች ነበሩት። ካድቢ ሆል በተባለው የምዕራብ ለንደን ዋና መሥሪያ ቤቱ ዳቦና ኬክ ይጋገራል፤ ከዚያም ሸቀጡ በየማለዳው ወደ ሻይ ቤቶቹና ወደ ቸርቻሪዎቹ ይከፋፈላል።

የዚህ ንግድ ጠባይ ለሒሳብ ሠራተኛ ከባድ ነበር። ከአንድ ሲኒ ሻይና ከአንድ ቁራሽ ኬክ የሚገኘው ትርፍ እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ኩባንያው የሚያተርፈው የሽያጩ ብዛት ሲጨምር ብቻ ነው። ነገር ግን የጥቂት ፔኒዎችን ሽያጭ ለመመዝገብ የሚያስፈልገው ብዕርና ጊዜ የመቶ ፓውንድ ሽያጭ ለመመዝገብ ከሚያስፈልገው አያንስም። ስለዚህ ሽያጩ በበዛ ቁጥር ጸሐፊው፣ መዝገቡና ቫውቸሩም ይበዛሉ፤ ከሲኒው የተገኘው ጥቂት ትርፍም በመዝገብ ቤቱ ወጪ ሊበላ ይችላል። በላየንስ የቢሮ አሠራር የጓሮ ጉዳይ ሳይሆን የንግዱ የህልውና ጉዳይ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ከሁሉ አስቀድመው የተረዱት በ1923 ዓ.ም. በኩባንያው የተቀጠሩት የካምብሪጅ የሒሳብ ምሩቅ፣ ሚስተር ጆን ሲመንስ ነበሩ። የሲመንስ እምነት፣ መዝገብ የሚጻፈው ያለፈውን ለማስታወስ ብቻ ሳይሆን ሥራ አስኪያጁ ለነገ የሚወስነውን በጊዜው እንዲያውቅ ነው የሚል ነበር። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላይ ኩባንያው የሥርዓት ጥናት ክፍል አቋቋመ። የክፍሉ ሠራተኞች የዕለት ሥራ አልነበራቸውም። ተግባራቸው በየቢሮው እየገቡ እያንዳንዱ ወረቀት ለምን እንደሚጻፍ፣ ማን እንደሚያነበውና ባይጻፍ ምን እንደሚጎድል መጠየቅ ነበር። አንድ ነጋዴ ኩባንያ ለዚህ ብቻ የተመደበ ክፍል ማቋቋሙ በዘመኑ ያልተለመደ ነገር ነበር። ኋላ የመጣው ሁሉ የተመሠረተውም በዚህ ክፍል ላይ ነው።

ከሠልጣኝነት እስከ ጥናት ክፍል

ዴቪድ ካሚነር በ1915 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው በአንደኛው የዓለም ጦርነት በመሞታቸውና እናታቸው ሌላ በማግባታቸው፣ ካሚነር የሚለውን ስም ያገኙት ከእንጀራ አባታቸው ነው። በ1936 ዓ.ም. የሥራ አመራር ሠልጣኝ ሆነው ላየንስ ገቡ። በዚያ የተማሩት ከሁሉ በፊት መዝገቡን፣ ሸቀጡንና ሰዉን ማወቅ ነበር። ኋላ በኮምፒዩተር ሥራ የታወቁት ሰው በዚያን ጊዜ ኮምፒዩተር የሚባል ነገር አያውቁም፤ በዓለምም ገና አልነበረም።

ጦርነቱ ሲነሣ ዘመቱ። በ1943 ዓ.ም. ቱኒዚያ ውስጥ በማሬት ምሽግ ጦርነት ላይ ቆስለው አንድ እግራቸውን አጡ። በ1944 ዓ.ም. ወደ ላየንስ ተመልሰው በሥርዓት ጥናት ክፍል ሥራቸውን ቀጠሉ፤ ቆይተውም የክፍሉ ኃላፊ ሆኑ። በዚህ ሁኔታ የሥራውን ውስጠ ነገር የሚያውቅ ሰው መኪናው ከመወለዱ በፊት በቦታው ተገኝቶ ነበር ማለት ነው።

የ1947 ዓ.ም. ጉዞ

በ1947 ዓ.ም. የኩባንያው ባልደረቦች የነበሩት ሚስተር ሬይመንድ ቶምሰንና ሚስተር ኦሊቨር ስታንዲንግፎርድ በጦርነቱ ዓመታት የተሻሻለውን የቢሮ አሠራር ለመመልከት ወደ አሜሪካ ተላኩ። በጉዟቸው ካዩት የቢሮ አሠራር ይልቅ የማረካቸው ስለ ኤሌክትሮኒክ ማስሊያ መኪና የሰሙት ነገር ነው። ፕሪንስተን ውስጥ ዶክተር ኸርማን ጎልድስታይንን አነጋገሩ። እርሳቸውም እዚያው በእንግሊዝ አገር፣ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ እንዲህ ያለ መኪና በመሠራት ላይ መሆኑን አመለከቷቸው። ሁለቱ ሰዎች ውቅያኖስ ተሻግረው የጠየቁት ነገር ከለንደን ጥቂት ሰዓት በሚያስኬድ ከተማ ይገኝ ነበር።

በተመለሱ ጊዜ ለዲሬክተሮች ቦርድ ባቀረቡት ሪፖርት መኪናው ወደ 100,000 ፓውንድ እንደሚፈጅና በዓመት 50,000 ፓውንድ ያህል ወጪ ሊያድን እንደሚችል ገመቱ። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለውን መኪና ለንግድ ቤት ሠርቶ የሚሸጥ አልነበረም። ላየንስ ለካምብሪጁ ሥራ 3,000 ፓውንድና የአንድ ቴክኒሻን እርዳታ ሰጠ፤ በምላሹም ዕውቀቱን የመካፈል ዕድል አገኘ። በፕሮፌሰር ሞሪስ ዊልክስ የሚመራው የካምብሪጅ ቡድን ኤድሳክ የተባለውን መኪናውን በግንቦት ወር 1949 ዓ.ም. በሚገባ አሠራ። ላየንስም የራሱን መኪና ለመሥራት ወሰነ። የመኪናው ስም ሊዮ ሆነ፤ የላየንስ ኤሌክትሮኒክ ቢሮ ለማለት ነው።

የኢንጂነሪንጉ ሥራ ለዶክተር ጆን ፒንከርተን ተሰጠ። ሊዮ ወደ 6,000 የሚጠጉ ቫልቮች ነበሩት። ማስታወሻው በሜርኩሪ በተሞሉ ቱቦዎች ውስጥ የሚመላለስ የድምፅ ሞገድ ሲሆን፣ የሚይዘው 2,048 የቁጥር ቃላት ብቻ ነበር። ቫልቭ በየጊዜው የሚቃጠል ዕቃ ነውና ፒንከርተን ደካማውን ቀድሞ ለመለየት መኪናውን በየጊዜው ከወትሮው ከፍና ዝቅ ባለ የኤሌክትሪክ ኃይል ይፈትኑት ነበር። በሥራ ሰዓት የሚቃጠለው ቫልቭ በፍተሻ ሰዓት ይቃጠል ማለታቸው ነው።

የመኪናው ሥራና የሥራው መኪና

ፒንከርተን መኪናውን ሲሠሩ፣ ሚስተር ካሚነር ደግሞ መኪናው የሚሠራውን ሥራ አዘጋጁ። የሁለቱ ሥራ ልዩነት ዛሬ ግልጽ ይመስላል፤ በዚያን ጊዜ ግን ስም እንኳ አልነበረውም። ለሳይንስ ሊቅ የተሠራ መኪና ጥቂት ቁጥር ተቀብሎ፣ ረጅም ስሌት ሠርቶ፣ ጥቂት መልስ ይሰጣል። የንግድ ሥራ ግን ተገላቢጦሹ ነው። ስሌቱ ቀላል ሆኖ የሚገባውና የሚወጣው ቁጥር እጅግ ብዙ ነው። መኪናው በሰከንድ ውስጥ ያሰላውን ለማስገባትና ለማተም ብዙ ደቂቃ የሚፈጅ ከሆነ፣ ፍጥነቱ ሁሉ በበር ላይ ይቀራል።

ይህ ችግር ሊዮን ለረጅም ጊዜ አዘገየው። ቁጥሩን በማግኔት ቴፕ ለማስገባትና ለማውጣት ለውጭ ሥራ ተቋራጭ የተሰጠው ሥራ ከብዙ ድካም በኋላ ሳይሳካ ቀረ። በመጨረሻ የተመረጠው ብዙ ድርጅቶች የለመዱት የተበሳ ካርድና የተበሳ የወረቀት ጥቅልል ነው። ከመኪናው ጋር በብዙ በሮች እንዲገናኝ ተደርጎ፣ አንዱ ሲያነብ ሌላው እንዲያትም፣ መኪናውም በዚያው ጊዜ እንዲያሰላ ሆነ። አዲሱ ነገር አልሳካ ሲል አሮጌውን በአዲስ ሥርዓት ማዋቀር ከሽንፈት የማይቆጠር መሆኑን ይህ ውሳኔ ያሳያል።

መኪናው ሙሉ በሙሉ እስኪዘጋጅ ድረስ ብዙ ቁጥር የማይጠይቅ ሥራ ተመረጠለት። ይኸውም በየሳምንቱ ከዳቦና ከኬክ መጋገሪያዎች የወጣውን ሸቀጥ ዋጋ ማስላት ነበር። ይህ ሥራ ከኅዳር ወር 1951 ዓ.ም. ጀምሮ በሊዮ ላይ በመደበኛነት ይሠራ ጀመር። በኮምፒዩተር ላይ በቋሚነት የተሠራ የመጀመሪያው የንግድ ቢሮ ሥራ ተብሎ በታሪክ የሚጠቀሰውም ይኸው ነው።

የካሚነር ደንቦች

ሚስተር ካሚነርና ባልደረቦቻቸው የሚከተሉት መጽሐፍ አልነበራቸውም፤ የሥራውን ደንብ ያወጡት በሥራው ላይ ሆነው ነው። የመጀመሪያው ደንብ፣ አንድ ሥራ ወደ መኪናው ከመሄዱ በፊት ከጫፍ እስከ ጫፍ በሥዕል ይቀመጥ የሚል ነው። ወረቀቱ ከሚጻፍበት ጠረጴዛ ጀምሮ ውጤቱ እስከሚደርሰው ሥራ አስኪያጅ ድረስ ያለው መንገድ በሙሉ ይታያል። በዚህ ጊዜ ብዙ ወረቀት ፋይዳ ቢስ ሆኖ ይገኛል። ያለውን አሠራር እንዳለ ወደ መኪና ማዛወር ያለውን ስሕተት ማፍጠን ነውና፣ ሥራው አስቀድሞ ይታነጻል።

ሁለተኛው ደንብ ልዩ ሁኔታዎችን ይመለከታል። አንድ ልምድ ያለው ጸሐፊ መዝገቡን ሲሞላ ዓይኑ ሳያውቀው ብዙ ነገር ይቆጣጠራል። የአንድ ሠራተኛ ሰዓት ከሳምንቱ ሰዓት በልጦ ቢያገኘው ብዕሩን አቁሞ ይጠይቃል። መኪናው ግን የተሰጠውን ሁሉ ተቀብሎ፣ ስሕተቱን በትክክል አስልቶ ያወጣዋል። ስለዚህ ጸሐፊው በልቡ የያዘው ጥንቃቄ ሁሉ ተለቅሞ በፕሮግራሙ ውስጥ መጻፍ አለበት። ይህን ለማድረግ ደግሞ ከጸሐፊው ጋር ተቀምጦ መጠየቅ ግድ ነው። ከቢሮ ኃላፊው የተሰጠ መግለጫ ብቻውን አይበቃም፤ ኃላፊው የሚነግረው ሥራው እንዴት እንዲሠራ እንደታዘዘ ነው፤ እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቀው ግን ጸሐፊው ነው።

ሦስተኛው ደንብ የመቆጣጠሪያ ድምር ነው። የገባው ቁጥር በሙሉ መነበቡንና ውጤቱ መስማማቱን የሚያረጋግጥ ድምር በየደረጃው ይወሰዳል። መኪናው በመካከል ቢቆም ሥራው ከመጀመሪያው ሳይሆን መጨረሻ ከተረጋገጠበት ቦታ እንዲቀጥል ይደረጋል። አራተኛው ደንብ፣ የአንዱን ሰው ፕሮግራም ሌላ ሰው በወረቀት ላይ መስመር በመስመር ይመርምር ይላል። ሚስተር ካሚነር በዚህ ረገድ ብርቱ ተቆጣጣሪ ነበሩ። የተጻፈ ነገር ሳይመረመር አይታለፍም፤ ግድየለሽነትም አይታገሡም ነበር።

ፕሮግራም አውጪዎቹ ብዙዎቹ ከራሱ ከላየንስ ቢሮዎች በፈተና ተመረጡ። ከእነዚህ መካከል በ1952 ዓ.ም. ፈተናውን አልፈው የገቡት ሜሪ ኩምስ ይገኙባቸዋል። በንግድ ኮምፒዩተር ላይ ፕሮግራም በማውጣት የመጀመሪያዋ ሴት ተብለው ይታወቃሉ። በ2022 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ደመወዝ

የመጀመሪያው ከባድ ፈተና የሠራተኞች ደመወዝ ነበር። የሸቀጥ ዋጋ ስሌት አንድ ቀን ቢዘገይ የሚቆጣው ሥራ አስኪያጁ ብቻ ነው። ደመወዝ ግን በክፍያው ቀን ካልደረሰ የሠራተኛው ቤት ጾም ያድራል። ከዚህም በላይ የእንግሊዝ የደመወዝ ሒሳብ ውስብስብ ነበር። ከ1944 ዓ.ም. ጀምሮ የገቢ ግብር በየክፍያው ጊዜ፣ ከዓመቱ መጀመሪያ አንሥቶ የተከፈለውን ሁሉ እየደመሩ የሚቀነስ ሆኗል። በገንዘቡም አንድ ፓውንድ 20 ሽልንግ፣ አንድ ሽልንግ ደግሞ 12 ፔኒ ስለነበረ፣ ቁጥሩን ወደ መኪናው ቋንቋ መለወጥና መመለስ ራሱን የቻለ ሥራ ነበር።

ሚስተር ካሚነርና ቡድናቸው ለዚህ የወሰዱት መንገድ ትዕግሥት ነው። መኪናው ያሰላው ደመወዝ በጸሐፊዎች ከተሠራው ጋር እየተነጻጸረ ልዩነት እስኪጠፋ ድረስ ተመረመረ። በ1953 ዓ.ም. ማብቂያና በ1954 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ሊዮ የዳቦ መጋገሪያ ሠራተኞችን ደመወዝ ተረከበ። ልምድ ያለው ጸሐፊ በስምንት ደቂቃ ያህል የሚሠራውን የአንድ ሰው ደመወዝ መኪናው በአንድ ተኩል ሰከንድ ይጨርሰው ነበር። በአሜሪካ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ በሉዊቪል ፋብሪካው ደመወዝ በኮምፒዩተር ማሠራት የጀመረው ከዚያ በኋላ በ1954 ዓ.ም. ነው።

ይሁን እንጂ በሚስተር ካሚነር ዘንድ ፍጥነቱ ዋና ነገር አልነበረም። ደመወዝን ለአንድ መኪና ብቻ አደራ መስጠት አደጋ እንዳለው ታወቀ፤ ሁለተኛ መኪና እንዲሠራ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱም ይህ ነው። ዛሬ የመጠባበቂያ ሥርዓት የሚባለው ነገር የመጣው ከመጽሐፍ ሳይሆን ደመወዝ ከሚጠብቅ ሠራተኛ ፊት ከመቆም ነው።

የሻይ ቤቷ ኃላፊ

የሚስተር ካሚነርን አስተሳሰብ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳየው ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ የተሠራው የሻይ ቤቶች የዕለት ትእዛዝ ነው። ቀድሞ እያንዳንዷ የሻይ ቤት ኃላፊ ለነገ የሚያስፈልጋትን ዳቦ፣ ኬክና ምግብ ሁሉ በየዕለቱ በቅጽ ላይ ትሞላ ነበር። ቅጹ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይላካል፤ ጸሐፊዎች ይደምሩታል፤ ከዚያም ወደ ጋጋሪዎቹና ወደ ጫኞቹ ይተላለፋል። ይህን ሁሉ እንዳለ ካርድ ላይ በስቶ ለመኪናው መስጠት ይቻል ነበር። የተደረገው ግን እንዲህ አይደለም።

ጥናቱ የሻይ ቤቱ ትእዛዝ ከሳምንት ሳምንት እምብዛም እንደማይለዋወጥ አሳየ። የአንድ ሰኞ ፍላጎት ካለፈው ሰኞ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሻይ ቤትና ለእያንዳንዱ የሳምንቱ ቀን ቋሚ ትእዛዝ ተዘጋጅቶ በመኪናው ዘንድ ተቀመጠ። ኃላፊዋ በተወሰነላት ሰዓት ከዋናው መሥሪያ ቤት በስልክ ትጠየቃለች፤ የምትናገረውም ለውጡን ብቻ ነው። በሌላው ጫፍ የተቀመጠችው ሠራተኛ በጆሮዋ እየሰማች በእጇ ካርዱን ትበሳለች። ጆሮ ላይ የዋለው ቃል በቀጥታ ካርድ ሆነ ማለት ነው። ወደ 150 የሚጠጉ ሻይ ቤቶች በዚህ ሁኔታ ከተስተናገዱ በኋላ መኪናው ለጋጋሪው የሚጋገረውን፣ ለጫኙ የሚጫነውን፣ ለሒሳብ ክፍሉ የሚመዘገበውን በየፊናው ያትማል።

በዚህ ሥራ ሦስት ነገሮች በአንድ ጊዜ ተገኙ። የኃላፊዋ ድካም ቀነሰ። የመኪናው በርም አልተጨናነቀም፤ የሚገባው ልዩነቱ ብቻ ነውና። ከሁሉ በላይ ግን ሥራ አስኪያጆች ከመደበኛው የወጣውን ነገር ብቻ ለይተው ማየት ቻሉ፤ የት ቦታ ምን እየቀነሰ፣ ምን እየጨመረ እንደሆነ በማግሥቱ ያውቃሉ። የመወሰን ሥልጣኑ ደግሞ ደንበኛዋን በዓይኗ ከምታየው ኃላፊ አልተነጠቀም። ዝናብ ቢዘንብ ወይም በሠፈሩ በዓል ቢኖር ትእዛዙን የምትለውጠው እርሷ ናት። መኪናው የሚያስታውሰውን መኪናው ያዘ፤ ሰው የሚያውቀው ለሰው ቀረ። አንድ ሥርዓት በሚገባ ተነድፏል የሚባለው ይህ ወሰን በትክክል ሲሠመር ነው።

ከላየንስ ቅጥር ውጭ

የሊዮ ዝና ሲሰማ ሌሎች ድርጅቶች ሥራቸውን ይዘው መጡ። የፎርድ ኩባንያ ሠራተኞች ደመወዝ በሊዮ ተሰላ። የእንግሊዝ የምድር ባቡር በሺ በሚቆጠሩ ጣቢያዎቹ መካከል ያለውን ርቀት አስላ። የመንግሥት የግብር ሠንጠረዥም ተሠራበት። በኅዳር ወር 1954 ዓ.ም. ሊዮ ኮምፒዩተርስ የተባለ ኩባንያ ተቋቋመ፤ ሚስተር ካሚነርም ከመሪዎቹ አንዱ ሆኑ። በ1957 ዓ.ም. ሁለተኛው የሊዮ ዓይነት፣ በ1962 ዓ.ም. ደግሞ ብዙ ሥራዎችን ባንድ ጊዜ ማካሄድ የሚችለው ሦስተኛው ዓይነት ወጣ። ከሦስተኛው ዓይነት የመጀመሪያው የተተከለው በደቡብ አፍሪካ ጆሃንስበርግ ከተማ ነበር።

የካሚነር ሰዎች ወደ ደንበኛ ሲሄዱ ዋጋ ዝርዝር ብቻ ይዘው አይሄዱም፤ አስቀድመው ሥራውን ያጠናሉ። ይህ ክብራቸውም ድካማቸውም ነበር። ጥናት ጊዜ ይፈጃል፤ ገዢው ደግሞ ሁልጊዜ ጊዜ የለውም። በሌላ በኩል ኮምፒዩተር መሥራት በየዓመቱ የሚፈልገው ገንዘብ እየበዛ ሄደ፤ የአሜሪካ ኩባንያዎች፣ በተለይም አይ.ቢ.ኤም.፣ በካፒታልና በሽያጭ ድርጅት እጅግ ይበልጡ ነበር። አንድ የምግብ ኩባንያ ይህን ሸክም ለብቻው ሊዘልቀው አልቻለም። በ1963 ዓ.ም. ሊዮ ከእንግሊሽ ኤሌክትሪክ ጋር ተዋሐደ፤ በ1968 ዓ.ም. ደግሞ አይ.ሲ.ኤል. በተባለው ትልቅ ኩባንያ ውስጥ ተጠቃለለ። ላየንስ ራሱ በ1978 ዓ.ም. በሌላ ኩባንያ ተገዛ። ሻይ ቤቶቹም ከለንደን ጎዳናዎች ጠፉ።

በሊዮ መኪናዎች ዘንድ ግን ሥራው ቀጠለ። የእንግሊዝ ፖስታ ቤት የስልክ ሒሳብ የሚያዘጋጅባቸውን የሊዮ መኪናዎች እስከ 1981 ዓ.ም. ድረስ አሠርቷቸዋል። መለዋወጫ በመታጣቱ፣ ሌሎች ድርጅቶች የጣሏቸውን የሊዮ መኪናዎች እየገዛ ዕቃቸውን ይጠቀምበት ነበር። ፋብሪካው ከጠፋ በኋላ መኪናው መኖሩ ለሠሪዎቹ ምስጋና ነው፤ ለተረካቢዎቹ ግን ማስጠንቀቂያም ነው። በሚገባ የተነደፈ ሥራ ከመኪናው ዕድሜ በላይ ስለሚኖር፣ ሥራውን ከመኪናው ለይቶ በጽሑፍ ያላኖረ ድርጅት በመጨረሻ የአሮጌ ዕቃ ለቃሚ ይሆናል።

ሚስተር ካሚነር በተከታዮቹ ኩባንያዎች ሠርተው፣ በሥራቸው መጨረሻ ሉክሰምበርግ ውስጥ የአውሮፓ ማኅበረሰብን የኮምፒዩተር መረብ ሥራ መሩ። በ1980 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት ኦ.ቢ.ኢ. የተባለውን ኒሻን ሸለማቸው። በ1996 ዓ.ም. ከቀድሞ ባልደረቦቻቸው ጋር የሊዮን ታሪክ በመጽሐፍ አሳተሙ። በ2008 ዓ.ም. በ92 ዓመታቸው አረፉ።

ስሙና ግብሩ

በ1987 ዓ.ም. ሚስተር ጆን ዛክማን የተባሉ የአይ.ቢ.ኤም. ባልደረባ የድርጅት መረጃ ሥርዓት እንደ ሕንፃ በየደረጃው ሊነደፍ እንደሚገባ የሚያስረዳ ጽሑፍ አወጡ። የባለቤቱ ሐሳብ፣ የነዳፊው ፕላንና የገንቢው ሥራ የየራሳቸው ሥዕል እንዲኖራቸው ያ ጽሑፍ አስተማረ። በ1996 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ ሕግ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እንዲህ ያለ ንድፍ እንዲኖራቸው ግዴታ ጣለ። ከዚያ ወዲህ ሙያው ስምና ማዕርግ፣ ምስክር ወረቀትና ዝርዝር መመሪያ አግኝቷል።

እነዚህ ሁሉ ጠቃሚዎች ናቸው። ነገር ግን ሥዕሉ በበዛበት ዘመን ሥዕሉ ሥራውን የሚተካ እየመሰለ የሚያሳስትበት ጊዜ አለ። በየሣጥኑ ውስጥ የሥርዓቶችን ስም ጽፎ በቀስት ማገናኘት ይቻላል፤ ሣጥኑ ውስጥ የተቀመጠው ጸሐፊ በዓይኑ የሚይዘው ጥንቃቄ ግን በሥዕሉ ላይ አይታይም። ሚስተር ካሚነር በ1950ዎቹ መኪናቸው ዛሬ በኪስ ከሚያዝ ስልክ እጅግ ያነሰ ኃይል ኖሮት ሳለ የሠሩት ሥራ ለሰባ ዓመታት የሚጠቀስ የሆነው፣ ጥናታቸው ከመኪናው ክፍል ሳይሆን ከዳቦ መጋገሪያውና ከሻይ ቤቱ ስለተነሣ ነው።

መኪና ይገዛል፤ ፕሮግራምም ይገዛል። የአንድ ድርጅት ሥራ ዕውቀት ግን ከየትም አይገዛም፤ በሥራው ላይ ባሉት ሰዎች ዘንድ ተበትኖ ይገኛል። እነዚህ ሰዎች ጡረታ ይወጣሉ፤ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ይዛወራሉ፤ ከዚህ ዓለምም ይለያሉ። አዲስ ሥርዓት በሚተከልበት ጊዜ አጥኚው ቀርቦ ካልጠየቃቸው ዕውቀታቸው ከእነርሱ ጋር ይሄዳል፤ ጉድለቱም የሚታወቀው ደመወዙ ሳይደርስ ወይም ዳቦው ሳይጫን ሲቀር ነው። ስለዚህ የድርጅት ሥርዓት አርክቴክት የመጀመሪያ መሣሪያ ጥያቄ ነው፤ የመጀመሪያ አስተማሪውም ከዝቅተኛው ጠረጴዛ ጀርባ የተቀመጠው ሠራተኛ ነው።